ሦስት ጊዜ የተጻፈ ቃል

ቀለም ቀቢው ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ካለፈው ወር ወዲህ ግን ልቡ አልረጋ ብሎታል። የነገሩ መነሻ አንድ ደብተር ነው። የአጎቱ ልጅ የአያታቸውን አሮጌ ቤት ሊያስፈርስ ዕቃ ሲያወጣ ከሳጥን ሥር አገኘውና «አንተ እንኳ የጽሑፍ ነገር ትወዳለህ» ብሎ ሰጠው። አያታቸው የቤታቸውን ልደትና ሞት የመዘገቡበት ነው። ቀቢው ሲያገላብጥ አንድ ቃል ሦስት ቦታ ላይ አፈጠጠበት፦ «ባለቤቴ በነቀርሳ አረፈች። ትልቋ ልጄ በነቀርሳ አረፈች። ሁለተኛው ልጄ በነቀርሳ አረፈ።»

ነቀርሳ ካንሰር ነው፤ ይህን ማን ያጣዋል? ሦስት ሰው ከአንድ ቤት፣ ያውም አንዳቸውም አርባ ሳይሞላቸው! በዘር የሚወርድ ነው ብሎ ደመደመ። አባቱን እንዳይጠይቅ፣ «ከወላጆቼ ቤት የመጣ ነገር ማየት አልፈልግም» ብለውታል።

ከዚያ ወዲያ ሥራ የለ፣ እረፍት የለ። መሰላል ላይ ወጥቶ ብሩሹን ይነክርና አንገቱን ይዳብሳል፤ ይወርድና ብብቱን ይዳብሳል። ጥርሱን ሲያመው «መንጋጋዬ ነው»፣ ሆዱ ሲጮህ «አንጀቴ ነው» ይላል። ሚስቱ ታዝባ ታዝባ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ልብስህ ውስጥ ቁንጫ ገባ እንዴ? ወይ ተመርመር፣ ወይ ተቀመጥ!» አለችው። ተመረመረ። ሐኪሙ ደሙንም ራጁንም አይቶ «ምንም የለብህም» አለው። እሱ ግን «ገና አልወጣም ማለት ነው» እያለ ተመለሰ።

በዚያው ሰሞን የአንዲት ጡረተኛ ነርስ ሳሎን ሊቀባ ገባ። ሴትየዋ አንዱን ግድግዳ ሁለት ጊዜ ቀብቶ ሌላውን እንደረሳው ሲያዩ፣ «ልጄ፣ ምን ሆነሃል?» አሉት። ቀቢው አልቻለም፤ ደብተሩን ከኪሱ አወጣ።

ነርሷ መነጽራቸውን አድርገው፣ እሱ የዘለላቸውን መስመሮች ሳይቀር አነበቡ፦ ክረምቱን ሙሉ ሳል፣ ላብ፣ ደም የነካው መሐረብ፣ ለብቻ የተደረገ ሳህንና ኩባያ።

«ይሄ አንተ የምትፈራው አይደለም» አሉ።

«ሲስተር፣ ነቀርሳ ይላል እኮ!»

«ይላላ። እኛ የሳንባ ነቀርሳ የምንለው ቲቢን ነበር። አያትህ ‘የሳንባ’ የሚለውን ትተው አሳጥረው ጻፉት። በትንፋሽ የሚተላለፍ ነው እንጂ በዘር አይወርድም። ሰዎቹ ካረፉ ስንት ዘመናቸው! አንተ የማንን ነቀርሳ ነው የምትዳብሰው?»

ቀቢው የቀለም ባልዲ ክዳን ላይ ቁጭ አለ። ሳቀም፣ ዓይኑም እንባ አቀረረ። ትንሽ ቆይቶ ግን እንደገና ተነሳ።

«ታዲያ ይሄስ?» ከሦስቱ ሞት በፊት ባለው መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ። «‘ትንሹ ተለየ’ ይላል። ሞተ ማለት አይደለም? ትንሹ እኮ አባቴ ናቸው። በሰባ ሁለት ዓመታቸው ከኔ በላይ ይራመዳሉ።»

«ያኔ ስንት ዓመታቸው ነበር?»

«አምስት። ሩቅ ዘመድ ጋር ነው ያደጉት። ‘እናቴ አውጥታ ጣለችኝ’ ነው የሚሉት፣ እስከ ዛሬ።»

ነርሷ መነጽራቸውን አወለቁ። «ከበሽተኞቹ ተለየ ማለት ነው፣ ልጄ። በሽታው አባትህን እንዳይዛቸው አሽሽተዋቸው ነው። ቀኑን ተመልከት፤ እናታቸው ከማረፋቸው አራት ወር በፊት ነው።»

ቀቢው ብሩሹን እንኳ ሳያጥብ ወጣ። አባቱን ደጃፋቸው ላይ ጫማ ሲወለውሉ አገኛቸው።

«የእነሱን ነገር እንዳታመጣብኝ» አሉ፣ ደብተሩን ገና ሲያዩ።

«አባባ፣ አንድ መስመር ብቻ ይስሙኝ» ብሎ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገራቸው።

ሽማግሌው ጫማውን መሬት ላይ አኖሩት። «መኪና ላይ ሲያወጡኝ በመስኮት ነበር ያየችኝ» አሉ። «ወጥታ አልሳመችኝም።»

«እንዳይዝዎት ነዋ፣ አባባ።»

«ስድሳ ሰባት ዓመት ተቀይሜያታለሁ እኮ!» ተነሱ፤ ተቀመጡ፤ እንደገና ተነሱ። «ለአጎትህ ልጅ ደውልለት። መቃብሯ የት እንደሆነ ያውቅ እንደሆን ጠይቀው።»

«አሁን?»

«እና መቼ ልትደውል ነው?» አሉና ኮታቸውን ሊያመጡ ወደ ውስጥ ገቡ።