ባለጆሮ ጠገራ

ባሌ መኳንንት ደህና ሰው ነው፤ አንድ ነገር ላይ ግን አእምሮው ልክ አይደለም ብዬ ማመን ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ናይሮቢ ሁርሊንግሃም ሰፈር ያለችው ምግብ ቤታችን ደህና የሸጠች ወር እኔ እንደ ሰው መሃል ከተማ ወርጄ ትንሽ ጥፍጥፍ ወርቅ እገዛለሁ። እሱ ደግሞ ኢስሊ ገበያ ይሄድና ጠገራ ብር በመሃረብ ቋጥሮ ይመጣል። ያቺ ደረተ ሙሉ የፈረንጅ ንግሥት ያለችበትን ማለቴ ነው።

«ወርቅ የትም ብትሄድ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ዋጋውን ስልክህ ላይ ታየዋለህ። የአንተስ ብር?» ስለው «የእኔ ታሪክ አለው» ይለኛል።

«ታሪክ ሽንኩርት አይገዛም!»

ይስቃል። ደግሞ ታሪክ ይላል እንጂ ሁሉም ላይ የተጻፈው ዓመት አንድ ነው፤ ጥንት የተመታውም ትናንት የተመታውም ያንኑ ዓመት ይዞ ይወጣል። አንዱን ያየ ሁሉንም አየ።

በቅርቡ የብር ዋጋ ሰማይ ሲነካ ጊዜው የእኔ ሆነ። «አሁን አቅልጠህ ወደ ወርቅ ካልለወጥከው መቼ ልትለውጠው ነው?» እያልኩ መግቢያ መውጫ አሳጣሁት። አንድ ጠዋት ጠገራዎቹን የሚያስቀምጥበትን ቆርቆሮ ከቁም ሳጥን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠልኝ።

«ውሰጃቸው፣ ውቤ። ልክ አንቺ ነሽ።»

ይህን ብሎ ሳውዝ ሲ ሰፈር ላለ ደንበኛ የታዘዘ ምግብ ሊያደርስ ወጣ። ፊቱ ጠቆር ማለቱን አይቻለሁ፤ ግን ያሸነፈ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል? ቆርቆሮውን ታቅፌ ኢስሊ የሚወስደኝ የማታቱ ታክሲ ውስጥ ገባሁ።

ኢስሊ የምናውቀው አንጥረኛ አብዱልፈታ ነው። ከቆርቆሮው ውስጥ አብዛኛውን ለባሌ የሸጠለትም እሱ ራሱ ነው። አብዱልፈታ የዕቃው ባለቤት አጠገቡ ተቀምጦ ካላየ ምንም ነገር አያቀልጥም። በርጩማ ሰጠኝና ጠገራዎቹን ጨርቅ ላይ ደረደራቸው።

«ዓይንዎን ከእሳቱ አይንቀሉ፣ እትዬ ውባንቺ። ነገ መዳብ ቀላቀለብኝ እንዳይሉኝ» አለ። ቀጥሎ ፒንሳ አነሳ። «መጀመሪያ ግን ጆሯቸውን መቁረጥ አለብኝ። ብየዳው ብሩን ያበላሽብናል።»

ጆሮ የሚለው የድሮ ሴቶች ጠገራውን አንገታቸው ላይ እንዲያስሩት አንጥረኛ የሚበይደውን ማንጠልጠያ ነው። ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት፤ ጨርቁ ላይ ያሉት ሁሉ ባለጆሮ ናቸው።

«ሁሉም?» አልኩ።

«ሁሉም! ጋሽ መኳንንት እኮ አንድም ቀን ገብተውኝ አያውቁም። የድሮ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ጆሮ የተበየደበትን አይፈልግም፤ ቆስሏል ይላል፤ ፕራይሱ ይወድቃል። እሳቸው ግን ንጹሑን ሳቀርብላቸው ‹ባለጆሮ የለህም?› ነው የሚሉኝ።»

ደሜ ፈላ። ጭራሽ መሰብሰቡንም አላወቀበትም! ልጮህበት ስልክ ደወልኩ፤ አያነሳም። ንዴቴ አላስቀምጥ ሲለኝ ሞያሌ ያሉት ታላቅ እህቱ ዘንድ ደወልኩ። የባልን ጥፋት ለባል እህት እንደ መንገር የሚያረካ ነገር የለም።

«እትዬ ርብቃ፣ የወንድምዎን ጉድ ይስሙ! የተበላሸ የተበላሸውን ጠገራ ሲለቅም ኖሮ ዛሬ እኔው ላቀልጥለት ነው!»

 አብረውኝ ይስቃሉ ስል ጥያቄ አመጡ።

«እሱ ነው የሰጠሽ? በእጁ?»

«በእጁ።»

«እንግዲያ ተስፋ ቆርጧል» አሉ። «ያን ጊዜ ወደ ናይሮቢ ሲሻገር ለጭነት መኪናው የምንከፍለው አጣን። እማዬ ጠገራዋን ካንገቷ ፈትታ እዚሁ ገበያ ሸጠችው። የገዛው ነጋዴ ወደ ኬንያ ይዞት ወረደ። ‹ሥራ ስይዝ ፈልጌ አመጣልሻለሁ› ብሏት ነው የሄደው። እሷም ሳታየው አረፈች። ባለጆሮ ነበር፣ ውባንቺ።»

ክው ብዬ ዞር ስል ጋዙ በርቷል፤ ፒንሳው የመጀመሪያውን ጆሮ ነክሷል።

«ተው! አብዱልፈታ፣ በአላህ ተው!»

ጩኸቴ ጎረቤት ጨርቅ የሚሸጡትን ሁሉ አስደነበረ። ፒንሳው ከእጁ ወደቀ። ጠገራውን ነጥቄ አየሁት፤ ጆሮው ትንሽ ተጫረ እንጂ አልተቆረጠም። እሳቱን አስጠፋሁት። እያንዳንዱን እየዳሰስኩ ወደ ቆርቆሮው መለስኩ፤ ጆሮው የጎደለ አንድም የለም። እፎይ! በርጩማው ላይ ተዘረፈጥኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴትዮ ልሆን ለጥቂት ነበር የቀረኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ፤ ሳቅሁም፣ አለቀስኩም።

«የጋዙን ልክፈልህ» አልኩት።

«ፖሌ፣ ማማ፣ አይዞዎት» አለ አብዱልፈታ ውሃ እያቀበለኝ። «መጀመሪያ ይረጋጉ።»

ምግብ ቤት ስደርስ መኳንንት ከሳውዝ ሲ ተመልሶ ጥግ ጠረጴዛ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ቆርቆሮውን ፊቱ ሳስቀምጠው ተንኳኳ። ብድግ አለ።

«አልቀለጡም?»

«አልቀለጡም።»

ሸክም እንደ ወረደለት ሰው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና ተመልሶ ተቀመጠ።

«ሰው ለሚስቱ እንዲህ ያለ ነገር አይነግርም?» አልኩት። «እትዬ ርብቃ ባትነግረኝስ?»

«ብነግርሽ ‹የትኛው ነው?› ትይኛለሽ። አላውቀውማ።»

«ምንም ምልክት የለውም?»

«ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ትንሽ ልጅ ሆኜ ስታቅፈኝ ጉንጬ ላይ ይቀዘቅዘኝ ነበር፤ እሱን ብቻ ነው የማስታውሰው። ሁሉም ደግሞ ይቀዘቅዛሉ።»

«ታዲያ ብታገኘውም አታውቀውም ማለት ነዋ።»

«አላውቀውም። ምናልባት ድሮ አግኝቼዋለሁ። ምናልባት እዚህ ውስጥ ነው ያለው።»

«ይህን እያወቅክ እንዴት ሰጠኸኝ?»

አንገቱን ደፋ። «ይህን ያህል ዘመን ስትከራከሪኝ አንድ ቀን እንኳ ረትተሽኝ አታውቂም። ደስ ይበልሽ ብዬ ነው።»

ደንበኛ ፊት የማለቅስ ሴት አልነበርኩም። ቆርቆሮውን ከፈትኩና እጄ የገባውን አንዱን ጠገራ አውጥቼ ጉንጬ ላይ አደረግሁት።

«ይሄ ነው» አልኩት።

«በምን አወቅሽ?»

«አላወቅኩም። ግን አይደለም የሚል ካለ ይምጣና እኔን ያናግረኝ!»

መኳንንት ከእጄ ተቀበለኝ። ጉንጩ ላይ አስጠግቶ ዓይኑን ጨፈነ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።