ፊት አጽዳ

ፎቶ ቤታችን ውስጥ ያለው ኮምፒውተር አንድ ነው። የምንሠራበት እኔና ጋሼ ነን፤ ጋሼ የፎቶ ቤቱ ባለቤት ናቸው። ፎቶ የምናስተካክልበት ፕሮግራም ሴቲንግ ውስጥ «ፊት አጽዳ» የሚል ምርጫ አለ። እሱ ከበራ ማንኛውም ፎቶ ገና ሲከፈት ብጉሩም፣ ጠባሳውም፣ ሽብሽቡም ድራሹ ይጠፋል። ሲዘጋ ደግሞ የጸዳው ፎቶ ዋናውን ተክቶ ይቀመጣል። ጋሼ ይወዱታል። እኔን ያንገበግበኛል።

ጠዋት ገብቼ አጠፋዋለሁ። እሳቸው ከምሳ ሲመለሱ ያበሩታል። አንድም ቀን ተነጋግረንበት አናውቅም፤ እኔ አፌን ከምከፍት ሴቲንግ ብከፍት ይቀለኛል። እሳቸው ደግሞ የሚያጠፋው ሰው መሆኑን ጠርጥረው አያውቁም።

«ይሄ ኮምፒውተር ጂኒ ሰፍሮበታል!» ይላሉ፣ ማውዙን ጠረጴዛው ላይ እየደበደቡ።

ያን ቀን አንድ ባለታክሲ መንታ ሴት ልጆቹን ለፈተና መመዝገቢያ ጉርድ ፎቶ ይዟቸው መጣ። ቁርጥ አንድ ናቸው። አንደኛዋ ብቻ ጉንጯ ላይ ማርያም የሳመቻት ነጥብ አላት። ውስጠኛው ክፍል አነሳኋቸው። በር ላይ ሰው ተሰልፎ ስለነበር፣ ገና ከምሳ በፊት ስለሆነ ጠዋት ማጥፋቴን አምኜ፣ ፊታቸውን እንኳ ልብ ብዬ ሳላይ ፎቶዎቹን በልካቸው ቆርጬ ዘጋሁና ወደ ፕሪንተሩ ላክሁ። የካሜራውን ሚሞሪም ለቀጣዩ ደንበኛ ባዶ አደረግሁት። ለካ ልጆቹን ሳነሳ ጋሼ አብርተውታል።

አባትየው ብቻውን ሊወስድ መጣ። ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ከአንዱ ወደ ሌላው ተመለከተ።

«የቷ የቷ ናት?»

አየሁ። ነጥቧ የለችም።

«አባታቸው አንተ አይደለህ እንዴ?» አሉ ጋሼ።

«እኔ የማውቃት በነጥቧ ነዋ! አምና እህቷ ገብታ ተፈተነችላት ተብሎ የሁለቱም ዓመት ተቃጥሏል። ምዝገባው ዛሬ ያበቃል። ዘንድሮም ላስባርራቸው?»

«በቃ ነጥብ ጣል አድርጊበት» አሉኝ ጋሼ።

«የቷ ላይ?» አለ አባትየው።

«ጋሼ» አልኩ። ድምፄ ከየት እንደመጣ እንጃ። «ኮምፒውተሩ ጂኒ የለበትም። የማጠፋው እኔ ነኝ። እርስዎ ያበሩታል፣ እኔ አጠፋዋለሁ። ልጆቹ ይምጡና እንደገና ላንሳቸው።»

አባትየው የመኪና ቁልፉን አንስቶ ልጆቹን ሊያመጣ እየተነጫነጨ ወጣ። ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ።

«እና ይሄን ሁሉ ጊዜ ኮምፒውተሩን ስራገም ዝም ብለሽ ትሰሚኝ ነበር?»

ካሜራውን ማዘጋጀት ጀመርኩ።

ልጆቹ ከአባታቸው ጋር እየሮጡ ገቡ። አነሳኋቸው፤ ጋሼ እያዩኝ ሴቲንጉን ከፍቼ አጠፋሁት። ነጥቧ ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብላ ወጣች። ባለነጥቧ ከኋላዬ አንገቷን አስግጋ አየችና፦

«እህቴ፣ እግረ መንገድሽን ያቺን ነገር ብታጠፊልኝስ?» አለችኝ።

አባትየው ራሱን ያዘ።

«አየሽ!» አሉ ጋሼ፣ ድል እንዳደረገ ሰው። «አየሽ ሰው የሚፈልገውን?»

«አላጠፋም!» አልኩ። ጮኼ መሆን አለበት፤ ሁሉም ዞረው አዩኝ።

ፎቶው ከፕሪንተሩ ገና ከመውጣቱ ይዘውት ሮጡ። ታክሲዋ ተነሥታ ስትፈተለክ ሰማን። ወደ ኮምፒውተሩ ዞር ስል የጋሼ እጅ ማውዙ ላይ ነው።

«እሺ፣ ለዛሬ ጠፍቶ ይዋል» አሉ። «ነገ ግን...»

«ነገም አጠፋዋለሁ» አልኳቸው።