ባለ አንድ በሩ ቁም ሳጥን

ሰኞ ቁም ሳጥኑን የቀባሁት ክሬም ቀለም ማክሰኞ ጠዋት እኔ ላይ ነበር።

ከጣቶቼ ጫፍ እስከ ክርኔ፣ ሁለቱም እጆቼ እኩል ተቀብተዋል። የተንጠባጠበ ቦታ የለም። ቁም ሳጥኑ ግን እንደ ድሮው ቡናማ ነው፤ ያብረቀርቃል፤ ቀለም ነክቶት የሚያውቅ አይመስልም።

እጄን በሳሙና አሸሁት። አልለቀቀም። በቀለም ማቅጠኛው በአኳራጅ አሸሁት፤ ሽታው ራሴን አዞረኝ እንጂ አልለቀቀም። ከዚያ ቁርስ አቀረብኩ።

እትዬ ስንቅነሽ አክስቴ ናቸው፣ የአባቴ እህት። እንግዳ ባለበት "እትዬ" እንድላቸው ነግረውኛል፤ እንዳልሳሳት ብዬ ሁልጊዜ እትዬ እላቸዋለሁ። እጆቼን አላዩም። ቁም ሳጥኑን አዩ።

"አልቀባሽውም?"

"ቀብቼው ነበር።"

"የታለ ታዲያ?"

እጆቼን ዘረጋሁላቸው።

"ግማሹን ጣሳ ጨርሰሻላ" አሉ።

ቁም ሳጥኑ በካርቶን ታሽጎ መጥቶ ቤት ውስጥ በብሎን የሚገጣጠም ዓይነት ነው። ቁመቱ ከእኔ እኩል ነው፤ በሩ አንድ ነው። እንጨት ይመስላል እንጂ የተጨመቀ ሰጋቱራ ነው፤ ላዩ ላይ የእንጨት ሥዕል ያለበት ፎርማይካ ተለጥፎበታል። እሁድ የእትዬ የማኅበር ተራ ነው፤ እንግዶቹ ሳይመጡ ክሬም እንዲሆን ይፈልጋሉ።

እኔ የምፈልገው አርብን ነው። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ከሞጣ የመጣሁት ዘጠነኛ ልማር ነበር። እትዬ ለአባቴ በስልክ ምለውለታል። አምና በምዝገባው ሳምንት መጋረጃ እናጥብ ስለነበር አለፈኝ። የዘንድሮው አርብ ያበቃል፤ ያለ አሳዳጊ ደግሞ አይመዘግቡም። እትዬ "ቁም ሳጥኑ ሳያልቅ ከቤት አልወጣም" ብለዋል።

ስለዚህ ማክሰኞ ደግሜ ቀባሁት።

ረቡዕ ጠዋት ቁም ሳጥኑ ቡናማ ነበር። እኔ እስከ ፀጉሬ ሥር ድረስ ክሬም ነበርኩ። የእትዬ ልጅ ቤዛዊት ጥርሷን እየፋቀች መጥታ ዞረችኝ።

"ውይ አዝሙዬ! ደርቀሻል ወይስ እርጥብ ነሽ?"

"ደርቄያለሁ።"

"በቃ አትሳቂ፣ ትሰነጠቂያለሽ።"

አልሳቅሁም። ነጠላ ተከናንቤ ቀለም ወደሚሸጡት ወደ ጋሽ ኑሪ ሄድኩ። ነጠላውን ገለጥ አድርገው አዩኝ።

"ሳትፍቂ ነው የቀባሽው?" አሉ።

"አዎ።"

"ፎርማይካ ያዳልጣል፣ ቀለም አይዝም። ቀለም ደግሞ ሜዳ ላይ አይቀርም። ቤት ውስጥ የተፋቀ ነገር ፈልጎ እሱ ላይ ይወጣል።" መዳፌን ገልብጠው በአውራ ጣታቸው ነካኩት። "በረኪና ነው?"

"በረኪና ነው። የድስት ሽቦም አለ።"

"ስንት ጊዜ ሆነሽ?"

"ዓመት።"

"በደንብ ተፍቀሻል" አሉ፣ የሰው ሥራ አይቶ እንደሚያደንቅ ባለሙያ። ሁለት ቁራጭ የብርጭቆ ወረቀት ሰጡኝና ብልጭልጩ እስኪጠፋ እንድፍቀው ነገሩኝ።

እትዬ መፋቁን አልወደዱትም።

"ዕቃዬን ልታቆስዪው?"

"ካልቆሰለ አይዝም፣ እትዬ።"

"በይ ቀስ ብለሽ። አታሳዝኚውም?"

ሐሙስ ከማለዳ ጀምሬ ቀስ ብዬ ፋቅኩት። በሩን ስፍቅ አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ሸሸ። ይቅርታ ጠይቄው ቀጠልኩ። ሲያልቅ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩና ጣሳውን ከፈትኩ። ባዶ ነበር። ከቀለሙ የቀረው እኔ ላይ ያለው ብቻ ነው።

ቁም ሳጥኑን አቅፌ፣ ግንባሬን በሩ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀለሙ ከእኔ መልቀቅ ጀመረ። የቁስል ፕላስተር ቀስ ተብሎ ሲነሳ እንደሚሰማው ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቁም ሳጥኑ ክሬም ነበር፣ አንድ ነጠብጣብ የሌለበት።

ቀለሙ ባዶ እጁን አልሄደም። መስታወት ሳይ ቅንድቦቼ የሉም። ማርያም የሳመችኝ ምልክት ከአገጬ ላይ የለም። ዓይኔ ያያል፣ አፌም ይናገራል፤ መስታወቱ ግን የት እንዳሉ አያሳይም። ፊቴ የተወለወለ ትሪ ነው። በሩ ላይ፣ በቁመቴ ልክ፣ ሁለት ቅንድቦች አሉ፤ ዝቅ ብሎ ጥቁር ምልክት አለ።

"ይኼ ነጥብ ምንድን ነው?" አሉ እትዬ።

"የእኔ ነው።"

"ይለቃል?"

"አይመስለኝም።"

"ይሁን፣ ጌጥ ይመስላል።"

"ነገ አርብ ነው፣ እትዬ።"

"ብያለሁ አይደል? እሄዳለሁ።"

ሄዱም። ትምህርት ቤቱ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ነው። መዝጋቢው ፎቶዬን ፊቴ አጠገብ አድርጎ አየ፤ ራቅ አድርጎ ደግሞ አየ።

"ፎቶዋ ላይ ምልክት አለ። የታለ?"

"ቁም ሳጥኑ ላይ ነው" አልኩ።

"እንግዲያው እሱን አምጡ። ፎቶና ተማሪ ካልተመሳሰለ አልመዘግብም፤ ለማንም አልመዘግብም።"

እትዬ ሰዓታቸውን አዩ። "ቤታችን እዚሁ ነው" አሉት።

እትዬና ቤዛዊት ቁም ሳጥኑን ወዲህና ወዲያ ይዘው አመጡት። እኔ በር በር እየከፈትኩ ቀደምኩ። ሰልፉ ቦታ ለቀቀላቸው፤ አንዲት እናት "አይዟችሁ" አሉ። መዝጋቢው ፎቶውን በሩ ላይ አስጠጋ።

"እሷ ናት። ስም?"

አፌን ከፈትኩ። የቁም ሳጥኑ በር አንድ ጣት ያህል ቀድሞኝ ተከፈተ፤ ከውስጡ ቀጭን ድምፅ "አዝመራ መኮነን" አለ።

"ጮክ በይ የኔ ልጅ፣ አትፍሪ።"

"ዓይን አፋር ናት" አሉ እትዬ፣ በሩን እየደባበሱ።

"ያቺስ ማን ናት?" አለ መዝጋቢው እኔን አይቶ።

እትዬ ዞር ብለው አዩኝ።

"ቤት የምታግዘኝ ናት" አሉ።

ማኅተሙ ተመታ። እትዬ እዚያው ግቢ ውስጥ ሆነው ለአባቴ ደወሉ። "ተመዘገበችልህ፣ ወንድም ዓለም። ቃሌን ጠበቅኩ" አሉት። ውሸት የለበትም። አባቴ ላናግራት አለ። ስልኩን ቁም ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጠው በሩን ዘጉ። ሰጋቱራው ስስ ስለሆነ ይሰማል። አባቴ "ከበደሽ ወይ ከተማው?" ሲል ሰማሁት። "አልከበደኝም፣ አባዬ" አለችው። እኔ ብሆን እንደዚያ አልልም ነበር።

እሁድ ማኅበርተኞቹ መጡ። ቁም ሳጥኑን ሁሉም ወደዱት። እትዬ "የወንድሜ ልጅ ናት፣ ዘጠነኛ ገባች" አሏቸው። መረቋት። እኔ ሰሃን አነሳሁ። ማታውን ዩኒፎርሙን ተኩሼ ውስጧ ሰቀልኩት።

ሰኞ ጠዋት አዝዬ ወሰድኳት። ቀላል ናት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ በሁለት ልጆች መካከል አቆምኳት፤ አንደኛዋ ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠቻት። መምህሩ "ስታልፊ አቧራዋን ጥረጊላት" አሉኝ። ጠርጌላት ወጣሁ።

ውጪ መስኮቱ ሥር ቆምኩ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ የሒሳብ ጥያቄ ጻፉ። እጅ ያወጣ ልጅ የለም። እኔ በጣቴ መዳፌ ላይ ሠራሁት፤ ወጣልኝ።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ውስጡ ጨለማ ነው። መስቀያው ላይ የተንጠለጠለው ዩኒፎርም ባዶ እጅጌውን አነሳ።