መርዶ የጀማሪ ነው

የሟች ወንድም የጀማሪዋን ሐኪም መንጋጋ በኦክስጅን ሲሊንደር መፍቻ ሰበረው። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ግጥም ባለበት የድንገተኛ ክፍል ኮሪደር ላይ።

የክፍሉ ኃላፊ ነበረች የላከቻት። በሐሜት "እሳቷ" ነው የሚሏት። ክፍሉ የቆየ ደንብ አለው፤ ሰው ሲሞት የሚያረዳው አዲስ የመጣ ሐኪም ነው። "ልብ ያጠነክራል" ይላሉ ነባሮቹ። እሳቷም በጊዜዋ ተገፍታ ወጥታ፣ በጥፊ ብቻ ተርፋለች።

"አጭር አድርጊው" አለቻት ልጅቷን።

አሳጠረችው። "ወንድምህ ሞቷል" አለችው። መፍቻው ግድግዳው ሥር ካለው ሲሊንደር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

እሳቷ ጩኸት ሰምታ ስትወጣ ሰውየው ሁለተኛውን ሰንዝሮ ጥበቃው ክንዱ ላይ ተንጠልጥሎበታል። ልጅቷን በብብቷ ይዛ እየጎተተች አስገባቻት። ወለሉ ላይ የደም መስመር ቀረ። በሩን ቀረቀረች፣ አልጋ አስጠጋችበት።

ውስጥ አንድ እንግዳ ሰውዬ ነበር። ሐኪሞች ለምን ሥራ እንደሚለቁ ሊያጠና የመጣ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሁሉንም በጥያቄ ሲነዘንዝ የዋለ። አሁን መድኃኒት ቁም ሣጥኑ ጥግ ተለጥፏል።

"ጠይቅ እንጂ" አለችው እሳቷ።

"ሌላ ቀን ብመለስ ይሻላል።"

"በየት በኩል ልትወጣ?"

ነርሷ የልጅቷን አገጭ በፋሻ እያሰረች ሳቀች። ሳቁ አላምር ሲላት ፋሻውን አጠበቀች። ልጅቷ መናገር አትችልም። ጋውኗን በአንድ እጇ አውልቃ መሬት ጣለችው። ልሂድ ማለቷ ነው። እሳቷ ገብቷታል፤ ከእሷ በፊት የመጡትም አንድ በአንድ እንዲሁ ጥለው ሄደዋል።

"እትዬ፣ ታናሽየው!" አለች ነርሷ።

ከሟቹ ጋር በአንድ መኪና ተገልብጦ እዚያው አልጋ ላይ ያለው ታናሽ ወንድሙ ልቡ ቆሟል። እሳቷ ደረቱ ላይ ወጣችበት። የጎድን አጥንቱ ከመዳፏ ሥር ቀጭ አለ። ገፋች፣ ገፋች፣ ላቧ ፊቱ ላይ ተንጠባጠበ። አልተመለሰም።

ውጭ ያለው ሦስተኛው ወንድም፣ መንጋጋ የሰበረው፣ ጥበቃውን አራግፎ በሩን በመፍቻው ይነርተዋል። "አንዱን በላችሁት! ሌላውን አውጡልኝ! ካልሆነ ቤቱን ከነነፍሳችሁ ነው የማቃጥለው!"

የበሩ መስታወት ረገፈ። አንዷ በሽተኛ ግንባሯ ተቆረጠ። ማጠፊያው መላቀቅ ጀምሯል።

የታናሽየውን መርዶ የሚነግር ያስፈልጋል፤ ሁሉም ዞሮ ጥግ የተቀመጠውን ወጣት ሐኪም አየ። ከልጅቷ ቀጥሎ አዲሱ እሱ ነው። ጋውኑን እየቆለፈ ተነሳ።

"የኔ ተራ ነው አይደል?"

"ደንቡማ ደንብ ነው፣ ወንድሜ" አለ ከነባሮቹ ሐኪሞች አንዱ፣ ቀና ሳይል።

ልጅቷ ባላበጠው ዐይኗ እሳቷን ታያለች።

"ተቀመጥ አንተ" አለች እሳቷ ወጣቱን።

"ፖሊስ እስኪመጣ..." አለ ነባሩ።

"በሩ ፖሊስ እስኪመጣ አይቆይም። ውስጥ በሽተኛ አለ።"

መነጽሯን አውልቃ አጥኚውን አስያዘችው። አልጋውን በዳሌዋ ገፋ አደረገችና "ከኋላዬ ቀርቅሩት" ብላ ወጣች።