ለገባ ሰው መነሳት

የጂሙን የታችኛውን አዳራሽ ከመዋኛ ገንዳው የሚለየው አንድ የመስታወት ግድግዳ ነው። ጠዋት ፀሐይ ገንዳው ላይ ስታርፍ የውሃው ብርሃን መስታወቱን ተሻግሮ ጣሪያው ላይ መንሳፈፍ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ከሐይቅ ሥር የተቀመጠ ይመስላል። ግድግዳው ይተነፍሳል። ወንበሮቹ ከወለሉ ጥቂት ከፍ ያሉ ይመስላሉ። በክብ የተቀመጡት አዛውንት ክንዳቸውን ሲያነሱ ያዘገያቸው ዕድሜ ሳይሆን የአየሩ ውፍረት ይመስላል።

አሰልጣኟ መጀመሪያ ወደዚህ አዳራሽ የወረደች ዕለት በእንቅልፍ ልቧ ሥራ የገባች መሰላት። እሷ የላይኛው ፎቅ ሰው ነበረች። ድሮ የአጭር ርቀት ሯጭ ሳለች «ጥይቷ» ይሏት ነበር፤ ሩጫው ሲቀር ስሙ አልቀረም። ላይ ቤት ብረት የሚያነሱ ጎረምሶችን በጩኸት ስታሠራ ኖራ፣ የአዛውንቱ አሰልጣኝ ሥራ ሲለቅ ሥራ አስኪያጁ ጠራትና፣

«እነሱ እንኳ ቀላል ናቸው» አላት። «ወንበር ላይ ደርድረሽ እጅ ማወዛወዝ ነው። ብቻ እንዳይወድቁብሽ።»

እንዳይወድቁብሽ! ሰው ዕቃ ነው እንዴ የሚወድቅብሽ? ይህች አንዲት ቃል ስንቱን ከቆመበት አውርዳ ወንበር ላይ እንዳስቀረች የሚቆጥር የለም። ሰው ፀጉሩ ሲነጣ እንደ ብርጭቆ ካርቶን «ተሰባሪ» የሚል ወረቀት የሚለጥፉበት ሁሉ አዛኝ ነን ይላሉ። አዛኝ ቅቤ አንጓች የሚባለው ለማን እንደሆነ ግን ከመካከላቸው የጠየቀ የለም።

ጥይቷም መጀመሪያ ላይ ከአዛኞቹ አንዷ ነበረች። ላይ ቤት እንደለመደችው ሙዚቃውን ከፍ አድርጋ ከፈተች፤ አዛውንቱ ድምፅዋን ከከበሮው መለየት አቅቷቸው በፈገግታ የተሳሳተውን ሲሠሩ፣ ደስ ያላቸው መሰላት። ከኋላቸው ቆማ አዘዘች፤ የሚሰሙት ግን አፏን ሲያዩ ነበር። ትንሽ ትልቁን «ጎበዝ! ጎበዝ!» እያለች አጨበጨበች። ይህን ያስቆሟት ጡረተኛው ሹፌር ናቸው።

«አንቺ ልጅ» አሉ፣ ቆባቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው። «እጄን ስላነሳሁ ነው የምታጨበጭቢልኝ? ነገ ጥርሴን ስቦርሽ ሰልፍ ልትወጪ ነው?»

ክቡ በሙሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ነገር ግን ጆሮዋ ጋለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሙዚቃው ጠፋ፣ ጭብጨባውም ቀረ፤ ፊት ለፊት ቆማ፣ በልክ ድምፅ፣ ቀና ብሎ ለሚያያት ሰው መናገር ጀመረች። ይህን ያህሉን ቶሎ ተማረች። ያልተማረው እጇ ነበር።

ሹፌሩ ዕድሜ ልካቸውን የረጅም መንገድ አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው። «አገር ለአገር ስዞር ኖሬ አንድ ቀን እንኳ አልሄድኩም፤ ቁጭ ብዬ ነው የዞርኩት» ይላሉ። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው፣ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ የአውቶቡስ መናኸሪያውን በሚያይ ቤት። የየትኛው አውቶቡስ ማርሽ እንደሚያስቸግር ከሶፋቸው ሆነው በድምፁ ይለዩታል። ታዲያ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ እዚያው ዝቅ ያለ ሶፋ ላይ እንደተቀመጡ መነሳት አቃታቸው። አልወደቁም፣ አልታመሙም። መነሳት ብቻ እምቢ አላቸው። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እየጮኸ ያዩት ነበር። ልጃቸው ሲመሻሽ በራሷ ቁልፍ ከፍታ ስትገባ፣ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብለው፣ «መብራቱን አብሪው እስቲ» አሏት፤ ሌላ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ።

ልጅቷ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ሰው አያታልላትም። ቤቷ ወስዳ ልታስቀምጣቸው ቆረጠች። በስንት ልመና የገቡት ውል ይህ ነበር፦ አባት ጂም ይሄዳሉ፤ ዝናቡ ሲገባ ልጅ መጥታ ታያለች፤ ያኔ ወንበር ሳይደገፉ፣ ሰው ሳይዛቸው ከተነሱ ቤታቸው ይቀራሉ። ካልተነሱ ዕቃቸው ይጫናል።

«እኔን እኮ ወደ ጋራዥ ልታስገባኝ ነው» አሏት ለጥይቷ። «የገባ መኪና ሲወጣ ደግሞ አይቼ አላውቅም።»

ጥይቷም እልህ ያዛት። ወንበሩን ከግድግዳ አስጠግታ እንዳይንሸራተት አደረገች። እግራቸውን ወደ ውስጥ አስሰበሰበች፤ ትንፋሽ እንዳያፍኑ፣ የደም ግፊታቸውም እንዳይነሳ፣ እየተነፈሱ እንዲነሱ አስለመደች። ከዚያ፣ «ደረት ቀጥ! ፊት ለፊት ይመልከቱ!» ትላለች። ሹፌሩ ደረታቸውን ቀጥ አድርገው፣ ፊት ለፊት ተመልክተው፣ ይንቀጠቀጣሉ። ከወንበሩ ትንሽ ለቀቅ ሲሉ እጇ ብብታቸው ሥር ነው። ሯጭ አይደለች? ጉልበታቸው ሳይወስን እጇ ይደርሳል።

«እጅሽ ከእግሬ ይፈጥናል» አሉ አንድ ቀን።

«እንዳይወድቁ ብዬ ነው፣ አባባ።»

«እሱማ ገብቶኛል። እግሬም ገብቶት ተኝቷል።»

ከቡድኑ በዕድሜ የሚበልጡት ጡረተኛዋ አዋላጅ ናቸው። በምርኩዝ ስለሚሄዱ ሁልጊዜ አርፍደው ነው የሚገቡት። በሩ ተከፍቶ ምርኩዙ ብቅ ሲል ክቡ በሙሉ «ኖር! ኖር!» እያለ ለመነሳት ይውተረተር ነበር፤ ጥይቷ ግን መሃል ገብታ፣ «ኧረ አትነሱ! ተቀመጡ! ጉልበታችሁን ለስፖርቱ!» ትላለች። የአንዱን ትከሻ፣ የሌላውን ክንድ እየያዘች ትመልሳቸዋለች። ደግ መሆኗ ነው። ሌባ በር ሰብሮ ሲገባ ይጮህበታል፤ ደግነት የሚሰርቀው ግን አመስግነውት ነው። ቀስ በቀስ ለመዱና ተቀምጠው አንገት ብቻ ሰበር ማድረግ ያዙ። አዋላጇ አንድ ጠዋት ወንበራቸው ላይ እያረፉ፣

«ልጄ» አሉ፣ «ስገባ የሚነሳ ሰው ከጠፋ ወይ እኔ ሞቻለሁ፣ ወይ እናንተ።»

ጥይቷ ቀልድ መሰላት።

ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ አንድ ብሩህ ጠዋት፣ ገንዳው ዳር የተሰጡትን የመለጠጫ ጎማዎች ልታመጣ ወጣች። መስታወቱ በእንፋሎት ተሸፍኗል። ከወዲያ በኩል አዳራሹ ወተት ውስጥ የተነከረ ይመስላል፤ የሰዎቹ ጥላ ብቻ፣ ክቡ፣ የሚንሳፈፈው ብርሃን። ድምፅ የለም። በሩ ተከፈተ፤ አንድ ጎበጥ ያለ ጥላ ገባ። ያን ጊዜ ክቡ ተነሳ። ማንም አላዘዘ፤ እሷም በቦታው የለች። ነፋስ ያስጎነበሰው ሣር መልሶ ቀና እንደሚል፣ መጀመሪያ ሁሉም ራሳቸውን ወደ ፊት ዝቅ አደረጉ፣ ከዚያ አንድ ላይ ሽቅብ ወጡ። ከመካከላቸው ሰፊ ትከሻ ያለው አንዱ ጥላ በአንድ እጁ ቆብ፣ በሌላው መነጽር ይዟል።

ጎማዎቹን ጣለች። መስታወቱን በእጅጌዋ ጠረገች። ሹፌሩ ቆመዋል። የደገፋቸው የለም፤ እጃቸውም ሥራ ላይ ነው።

ሮጣ ገባች። «አባባ፣ እንዴት ተነሱ?»

«መቼ?»

«አሁን! እማማ ሲገቡ!»

ሹፌሩ ቁልቁል እግራቸውን ተመለከቱ፤ የማያውቁት ተሳፋሪ አጠገባቸው የተቀመጠ ይመስል። «ቆሜያለሁ እንዴ?» አሉ። ወዲያው ቁጭ አሉ።

«እስቲ አሁን ይነሱ።»

ደረታቸውን ቀጥ አድርገው፣ ፊት ለፊት ተመልክተው፣ ተንቀጠቀጡ። እጇ ሄደ። መንገድ ላይ ያዘችውና በሌላው እጇ ከኋላዋ አሰረችው። ሹፌሩ ተመልሰው ተቀመጡ፤ እሷም ዓይኗን ጨፍና ያን ሣር አየችው። አጎንብሰው ነበር! ደረት ቀጥ ማድረግ ትከሻው ላይ ብረት ለተሸከመ ጎረምሳ ነው። አንድ አዛውንት ከወንበር የሚነሳው ግን ራሱን ከእግሩ ጣት አሳልፎ ዝቅ ሲያደርግ፣ ክብደቱን ለእግሩ ሲያስረክብ ነው። ይህን ማጎንበስ አዛውንቱ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያውቁታል፤ ትልቅ ሰው በገባ ቁጥር ሲሠሩት ኖረዋል። እሷ ናት «ተቀመጡ» ብላ ያስጣለቻቸው። ደግሞ ጠዋት ጠዋት፣ በፈገግታ!

ከዚያ ወዲያ ትምህርቱ ሌላ ሆነ። አንዱ ይወጣል፤ ሌሎቹ ይጠብቃሉ። በሩ ይከፈታል፤ ክቡ አጎንብሶ ይነሳል። «ኖር!» «በእግዜር!» ገቢው ይቀመጣል፤ ቀጣዩ ይወጣል። ጠቡ ብዙ ነበር።

«እኔ ለእሱ አልነሳም፤ እበልጠዋለሁ።»

«በምኑ ነው የምትበልጠኝ? በሽበት?»

«አንተ ስትወለድ ጩኸትህን ሰምቻለሁ።»

«በዚህ ጆሮህ?»

እንዲህ እየተናቆሩ ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ፤ ብርሃኑ ጣሪያው ላይ ይንከባለላል፤ ጥይቷ እጇን ከኋላዋ አስራ በመካከላቸው ትዞራለች፤ የፊታቸውን ቀለም፣ የከንፈራቸውን መድረቅ ብቻ እያየች። ማታ ስትተኛ በህልሟ በሮች ይከፈታሉ፤ ሰዎች እንደ ማዕበል ይነሳሉ፤ እሷ እጅ የላትም፣ ደስም ብሏታል።

ሹፌሩ ሰው ሲገባ ይነሳሉ። በሩ ሲዘጋ ግን ጉልበታቸውም ይዘጋል። «ለባዶ በር እንዴት ይነሳል?» ይላሉ። እሷም ጊዜ አለ ብላ ነበር። ጊዜ አልነበረም። ዝናቡ ገባ።

ልጅቷ የመጣችው ጠዋት፣ ሌሎቹ ሳይደርሱ፣ ጃንጥላዋ እየተንጠባጠበ ነው። ጥይቷ አዋላጇን ተማምና ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ጉንፋን ይዟቸው ቀርተዋል። ሰማዩ ጠቁሮ የጣሪያው ብርሃን ጠፍቷል፤ ዝናቡ የገንዳውን የመስታወት ጣሪያ ይደበድባል። አዳራሹ ውስጥ ሦስት ሰው ብቻ ነበር።

«መድኃኒት ቤቱን መክፈት አለብኝ» አለች ልጅቷ። ቀጥታ ሄዳ የአባቷን ክርን ያዘች። «ልያዝህ፣ አባዬ።»

«እህቴ፣ ልቀቂያቸው» አለች ጥይቷ።

ሹፌሩ ሞከሩ። ልጃቸው ፊት ሲሆኑ ጀርባቸው እንደ ወታደር ቀጥ አለ። ተንቀጠቀጡ፣ ተመለሱ። ደገሙ፣ ተመለሱ። የጥይቷ ጣቶች ከጀርባዋ አንጓዋን ጨምቀው ይዘዋል። አንድ ቃል ብትናገር፣ አንድ ጣት ብታቀብል ይነሱ ነበር፤ ከተነሱ ግን እሷ ናት የተነሳችው።

«በቃ፣ ይበቃሃል አባዬ» አለች ልጅቷ። «ክፍልህን ቀለም አስቀብቼዋለሁ። የምትወደውን ውሃ ሰማያዊ።»

ሹፌሩ በሩን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ፣

«እስቲ ወጥተሽ ግቢ» አሉ።

«ምን?»

«ወጥተሽ ግቢ። አንኳኪና ግቢ።»

«አባዬ፣ አሁን የቀልድ ጊዜ ነው?»

«ስትወጂኝ።»

ልጅቷ ወደ ጥይቷ ዞረች፤ ጥይቷም አታውቅም፤ ትከሻዋን ሰበቀች። ልጅቷ ወጣች። በሩ ተዘጋ። ሹፌሩ እግራቸውን ወደ ውስጥ ሰበሰቡ። ተንኳኳ፤ ተከፈተ። ዝናብ የነካት፣ ቦርሳዋን ያንጠለጠለች፣ ጎልማሳ ሴት ገባች። አባት አዩዋት፤ ልጃቸውን ሳይሆን የገባችውን ሰው። ቆባቸውን አወለቁ፣ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ፣ እንደዚያ እንደ ሣሩ፣ ቀስ ብለው ቀና አሉ። ቆሙ።

«ኖር» አሉ።

«ኧረ በእግዜር! አባዬ! ምን ሆነሃል፣ ለእኔ? ተቀመጥ እንጂ፣ ነውር ነው!» ልጅቷ ሮጣ ትከሻቸውን ልትጫን እጇን ዘረጋች። ጥይቷ የልጅቷን እጅ አየር ላይ ቀለበችው።

«እንዳታስቀምጫቸው። እኔ ብዙ ጊዜ አስቀምጫቸዋለሁ።»

«አባት ለልጁ ይነሳል እንዴ?»

«ለእንግዳ ይነሳል» አሉ ሹፌሩ፣ ቆባቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው። «ቤቴ ስትመጪ እንግዳዬ ነሽ። ቤትሽ ከወሰድሽኝ ግን እንግዳው እኔ ነኝ፤ ለእንግዳ ደግሞ «አይነሱ» ይባላል። እንዲያ እየተባልኩ እሞታለሁ።»

«አንዴ ነው የተነሳኸው» አለች ልጅቷ፣ እንደ መድኃኒት ቤት ሰው።

«ወጥተሽ ግቢያ።»

ወጣች፤ ገባች። እንደገና ወጣች፤ ስትገባ አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ ትስቅ ነበር ወይም ታለቅስ ነበር። አባቷ በገባች ቁጥር ተነሱላት፤ አንዱ ጊዜ ብዙ ደቂቃ ፈጀባቸው፤ ልጅቷ በሩ ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ጠበቀቻቸው። ስትጠብቅ ፊቷ ሕፃን መሰለ።

«ቅዳሜ ቤትህ ስመጣ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ» አለች። «ሳትነሳ አልገባም።»

«ብዘገይብሽስ?»

«እቆማለኋ።»

«የቀባሽው ክፍልስ?»

«ልጆቼ ይረብሹበታል» አለችና ጃንጥላዋን አንስታ ወጣች።

ሹፌሩ ሊቀመጡ ወንበሩን በእግራቸው ሲፈልጉ፣ በሩ እንደገና ተከፈተ፤ ሌሎቹ ካፖርታቸውን እያራገፉ፣ ዝናቡን እየተራገሙ፣ አንድ በአንድ ይገቡ ጀመር። ስለዚህ አልተቀመጡም። ለእያንዳንዱ ራሳቸውን ዝቅ እያደረጉ ቆመው ቀሩ። ጥይቷ ከጀርባዋ ያሰረችውን እጇን ፈታች፤ አንጓዋ ላይ የራሷ ጣቶች ምልክት ቀልቶ ነበር። ከመስታወቱ ወዲያ ደመናው ትንሽ ሳስቶ፣ የውሃው ብርሃን ወደ ጣሪያው መመለስ ጀመረ።