የጎደሉት ሁለት ታፋዎች

ዶሮዋ ከድስቱ ስትወጣ እግር አልነበራትም።

ለቀልድ አይደለም የምለው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሙሉዋን ነው ያስገባኋት። ስምንት ሰዓት ላይ ክዳኑን ስከፍት ደረቷ አለ፣ ክንፎቿ አሉ፣ ሁለቱ ታፋዎች ግን የሉም። መረቁን በጭልፋ ዳሰስኩት። ሥጋው ተበታትኖ ነው እንዳልል፣ አጥንት ሟሟ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ሃምሳ ቀን ያህል ሲቀረው ነው፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ቅዳሜ፣ ቡታጅራ። በዘጠኝ ሰዓት ሦስት መምህራን እቤታችን መጥተው እጄን ሊቀምሱ ቀጠሮ አለ። የትምህርት ቤታቸውን የመምህራን ክበብ ለመጪው ዓመት ማን እንደሚይዘው የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ለመጨረሻ የቀረነው ሁለት ነን፤ እኔና ብርቄ። ብርቄ ሦስት ዓመት ሙሉ ያንኑ ቅቅል ድንች በዳቦ ስትሸጥ ኖራ አንድ ቀን እንኳ ቃሪያ ልጨምርበት ያላለች ሴት ናት። እኔ ሃፊዛ ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳላነብ ጥዬ ግን አላውቅም። ክበቡ ካመለጠኝ ወዴት እንደምሄድም አውቃለሁ። ጅዳ ያለችው እህቴ ዘይባ ከአሠሪዋ ዘመድ ቪዛ አስጨርሳ፣ ትመጪያለሽ ወይስ ለሌላ ልስጠው እያለች በየሳምንቱ ትደውል ነበር። የሰው ቤት ወለል ልወለውል ማለት ነው።

ድስቱንም የላከችው እሷ ናት። መብራት ላይ ይሰካል፣ ስድስት ሰባት ሰዓት ቀስ ብሎ ያበስላል። አይንተከተክም፣ አይገነፍልም። አብሮት የመጣውን መጽሐፍ መዝገበ ቃላት ይዤ ሳምንት ፈጅቶብኝ አነበብኩት። ዶሮዋን በሳልሳ፣ በአቼቶ፣ በማርና በነጭ ሽንኩርት ታስተኛታለህ፤ በሹካ ስትነካት እስክትተረተር ትጠብቃለህ፤ ከዚያ ቦጫጭቀህ ፉርኖ ዳቦ ውስጥ ትከታታለህ። ባርቤኪው ይሉታል። ትልቁ ሕግ ክዳኑን አለመክፈት ነው፤ አንድ ጊዜ በተከፈተ ቁጥር ግማሽ ሰዓት ይባክናል። ይህን ለግቢው ሁሉ አስታውቄ ነበር።

እናቴ ሀሊሜ አላመነችበትም። ድምፅ የማይሰጥ ድስት አያበስልም ባይ ናት። ይበልጥ ያልዋጠላት ግን መቦጫጨቁ ነበር። ዶሮ ተቆጥራ የምትበለት፣ ተቆጥራ የምትቀርብ ነገር ናት፤ እንግዳ የደረሰውን አይቶ ነው መከበሩን የሚያውቀው ትላለች። ዘመኑ ተለውጧል ብዬ ዘጋኋት።

ዶሮዎቹ ሁለት ነበሩ። ከሦስቱ መምህራን ሙንታሲር የእኛው ነው፤ ርዕሰ መምህሩ ጋሽ ባልቻና መምህርት ኑኃሚን ክርስቲያን ናቸው። እዚህ አገር ማን አረደው ሳይባል ሥጋ አይነካም። ስለዚህ አንዷን አጎቴ ሙስተፋ አረዳት፤ እሷ ከኤሌክትሪኩ ድስት ገባች። ሌላዋን የጎረቤታችን ባል ጋሽ አለሙ አረዳት። እሷን ሚስቱ እትዬ ተናኘወርቅ በራሷ ድስት፣ በራሷ ማድቤት፣ ከሰል ላይ፣ እኔ በነገርኳት አሠራር ልትሠራልኝ ወሰደች። ግብርና ቢሮ የሚሠራውን ባሏን ተከትላ ከጎጃም መጥታ ግቢያችን ከተከራየች ሰባት ዓመቷ ነው።

እስቲ አስቡት፤ ሰው ያለምክንያት ከሰል አቃጥሎ ይሠራልሃል? ተናኘወርቅና ብርቄ ደግሞ አንድ ማኅበር ይጠጣሉ። ጠዋቱን ሙሉ ዓይኔ ከእሷ አልተነቀለም። ሁለት ጊዜ በበራችን አለፈች። አንድ ጊዜ ቆም ብላ፣ ለመሆኑ ሳይፈላ እንዴት ይበስላል ስትል ጠየቀችኝ። የምትሰልል ሴት የምትጠይቀውን ነው የጠየቀችው።

ሰባት ሰዓት ላይ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ዳቦ ቤቱ ሰልፍ ነበር፣ ዝናቡም ያዘኝ። ስመለስ እናቴ የለችም፤ እንግዶቹ ማን አረደ ማለታቸው አይቀርምና አጎቴን ልትጠራ ሄዳለች። ድስቱን አየሁት። ስወጣ የመስተዋት ክዳኑ ውስጡን ላብ አጥምቆት ነበር፤ አሁን ጥርት ብሏል። ከፈትኩት። የሆነውን ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

ግቢው ውስጥ የነበረች አንዲት ሴት ብቻ ናት። ቀጥ ብዬ ማድቤቷ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ድስቴን ማን ከፈተው?»

«ምን አውቄ። እኔ የራሴን እየጠበቅሁ ነው።»

«ታፋዎቹ የሉም። ሁለቱም።»

ማማሰያዋን አስቀመጠች። «ሌባ ነሽ እያልሽኝ ነው?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ምላሴ ግን ከተነሳ አይመለስም፤ ለብርቄ ለማስቀመስ ከሆነ ሙሉዋን ቢወስዱላት ምን ነበረበት፣ ሥራ ታቀልላት ነበር አልኳት። ሌላም አልኩ፤ አሁን ብጽፈው ወረቀቱ ያፍራል።

ጨርሼ እስክተነፍስ ጠበቀችኝ። ከዚያ አልጮኸችም።

«ያቺን ዶሮ ያረዳት ማን ነው?»

«አጎቴ ሙስተፋ።»

«እኔ ምንድን ነኝ? ብርቄስ ምንድን ናት?»

ሰባት ዓመት ሙሉ በዓል በመጣ ቁጥር ለእኛ ስኳርና ዳቦ፣ እኛ ለእሷ ቴምር ስንለዋወጥ አንድ ቀን ሥጋ ተላልከን አናውቅም። የእኛን እርድ እሷ በእጇ አትነካም፣ ብርቄም አትነካም። ጋዜጣ ሁሉ ያነበብኩ እኔ፣ ሕፃን የሚያውቀውን ዘነጋሁት። ከዚያ ግቢ ያቺን ታፋ አፉ ሊያደርስ የሚችል ሰው በጣት ይቆጠራል፤ አንዷ እኔ ነኝ።

ተናኘወርቅ ድስቷን በጨርቅ ይዛ ከምድጃው አወረደች፣ ወደ ቤቷ አስገባችና በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው። ተከትያት ላንኳኳ እጄን ሳነሳ የውጭው በር ተንኳኳ። መምህራኑ ናቸው፤ ከቀጠሮው ቀድመው ደርሰዋል፤ እናቴና አጎቴም መንገድ ላይ ተገናኝተዋቸው አብረው ገቡ።

አስቀመጥኳቸውና የቀረችውን ዶሮ ጓዳ ቦጫጭቄ በዳቦ አቀረብኩ። አጎቴ ሰላምታውን አስረዝሞ ጨረሰ። ሙንታሲር ገና የቀረበለትን ሳይነካ እንደ ፈራሁት ጠየቀ፤ አጎቴም ራሱ፣ ቢስሚላሂ ብሎ፣ በንጋት እንዳረዳት ነገረው። ሙንታሲር የላይኛውን ዳቦ በሁለት ጣቱ ገልጦ ወደ ውስጥ አየ። አጥንቱ የት ሄደ አለ። አወጣሁት አልኩ። ደግሞ አየው።

«እህቴ፣ ያኘከልኝ ማን ነው?»

ኑኃሚን ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። ሙንታሲር እየተጠራጠረ አንድ ጎረሰ። አላመጠ፣ ደግሞ ጎረሰ። ልቤ ሊመለስ ሲል እናቴ ከጓዳ በክዳን የተሸፈነ ሳህን ይዛ ወጣች። ሙንታሲር ፊት አስቀምጣ ገለጠችው። ሁለቱ ታፋዎች ጎን ለጎን ተኝተዋል።

«ልጄ አታውቅም፣ ይቅር በላት» አለችው። «የእንግዳ ድርሻ እንዲህ ነው የሚቀርበው።»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። እናቴ ግን ኮርታ ቆማለች። ድምፅ የሌለውን ድስት ልትፈትሽ ከፍታ፣ የእንግዳ ክብር ሲቦጫጨቅ ማየት አልሆንላት ብሎ አውጥታ ነው ያኖረችው። ሌብነት አይደለም፤ ቤቱን ከውርደት ማዳኗ ነው።

ጋሽ ባልቻ ባዶ ሳህኑን አየ፣ እኔን አየ። «የእኛስ ልጄ?»

አረረ ማለት እችል ነበር። ከሰል አለቀ ማለትም እችል ነበር። ሁለቱም ምላሴ ላይ መጥተው ነበር። ግን ግድግዳችን አንድ ነው፤ ተናኘወርቅ በወዲያ በኩል ሆና ትሰማለች።

«የእናንተን የሠራችው ጎረቤቴ ናት» አልኩ። «ደህና ሠርታዋለች። እኔ ግን ከእናቴ ሳህን የተገኘውን ታፋ እሷ ሰረቀች ብዬ ሰደብኳት። ድስቷን ይዛ ገባች፤ እውነቷን ነው።»

እናቴ ሳህኑን ወደ ኋላ ሳብ አደረገችው፤ ሙንታሲር አንዱን ታፋ ቀድሞ አንስቷል። ጋሽ ባልቻ ሰዓቱን አይቶ፣ እንግዲያ ሂጂ፣ እንጠብቃለን አለ።

የተናኘወርቅ በር ፊት ዝናብ እየመታኝ ቆምኩ። ይቅርታ የሚለው ቃል እንዴት እንደሚወጣ አላውቅበትም፤ በዝግታ ነው ያልኩት።

«አልሰማሁም» አለች ከውስጥ።

ደገምኩት።

«ስትሰድቢኝ ጋሽ አለሙ ቢሮ ድረስ ይሰማ ነበር። አሁን ጉንፋን ያዘሽ?»

ጮህኩ። ይቅርታ እትዬ፣ እርስዎ አልነኩም፣ ባለጌዋ እኔ ነኝ ብዬ ጮህኩ። ሦስቱም መምህራን ሰሙ፤ አጎቴ አቀርቅሮ ጢሙን ዳበሰ። መቀርቀሪያው ተሳበ። ድስቱን አቀበለችኝ እንጂ አላነጋገረችኝም።

ክዳኑን ስከፍተው ሥጋው ለስልሶ በስሏል፤ ግን አልተቦጫጨቀም። አሥራ ሁለቱም ብልት ተቆጥሮ፣ ተደርድሮ ተኝቷል። እሷም በነገርኳት አላመነችም ነበር። እንግዶቹ እያዩ በሁለት ሹካ አንድ በአንድ ስተረትር፣ ኑኃሚን ጎንበስ ብላ አሠራሩን ተመለከተች። ጋሽ ባልቻ ሁለት ዳቦ በላ።

ሰኞ ቃሉን ላከብኝ። ክበቡን ለስድስት ወር ሰጥተውናል፤ «ሰጥተናችኋል» ነው ያለው እንጂ «ሰጥተንሻል» አላለም፤ ሁለት ድስት፣ ሁለት ማድቤት፣ ሁለት ሴት። ተናኘወርቅ ካልገባችበት ለብርቄ ይሰጣል። ለዘይባ ቪዛውን ለሌላ ስጪው ከማለቴ በፊት እንደገና ያንን በር ማንኳኳት ነበረብኝ።

ተናኘወርቅ ቆማ ሰማችኝ። አስባበት ማግስቱን መለሰችልኝ። ትገባለች፤ ግን የእሷ ማድቤት የራሱ በር፣ የራሱ ቁልፍ ይኖረዋል፣ ቁልፉም ከአንገቷ አይወርድም። እኔ ቃሪያም ይሁን ጨው፣ የምፈልገውን ደጃፍ ቆሜ እጠይቃለሁ፤ እሷ ታቀብለኛለች።

«ምን፣ አያምኑኝም?» አልኳት።

«ኧረ አምንሻለሁ» አለችና ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «እናትሽን ግን ክበቡ ደጃፍ እንዳላያት።»

ተስማማሁ።