አሥራ አራቱም ይሳቡ

ንፋስ መውጫ መናኸሪያ አጠገብ፣ ከጎማ ጠጋኙ ቀጥሎ ያለችው የቆርቆሮ ቤት የአያ ጓዴ የመኪና ወንበር መሥሪያ ናት። ከላንድሮቨር ዘመን ጀምሮ በጋይንትና በስማዳ መንገድ ከተመላለሰው መኪና አያ ጓዴ ወንበሩን ያላደሱለት የለም ይባላል። ልጃቸው ዮርዳኖስ ደብረ ታቦር ቴክኒክና ሙያ ገብታ ብረታ ብረት ተምራ ስትመለስ፣ ሰው ሁሉ ቢሮ ትቀጠራለች ብሎ ሲጠብቅ፣ እሷ የአባቷን የብየዳ መነጽር አጥልቃ እዚያችው ቤት ሥራ ጀመረች። ይኸው ስድስት ዓመቷ። ደንበኛ ግን ዛሬም «አያ ጓዴ የሉም?» ብሎ ነው የሚገባው፤ እሷ መፍቻ ይዛ ፊቱ ቆማ እያለች።

አብዱልወሃብም እንደዚያው ብሎ ነው የገባው። ጨርቅ ነጋዴ ነው። ባለፈው ክረምት ከወገዳ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ቁልቁለት ላይ ድንገት ፍሬን ያዘና ከኋላው ያለው ወንበር ከነሰዎቹ ተነቅሎ ጀርባው ላይ ወደቀበት። ክንዱ ተሰበረ። እጁ ከጄሶ እንደወጣ አንድ ያረጀ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ገዛና ውስጡን ባዶ አስደርጎ አመጣው።

«አያ ጓዴ፣ እኔ ምቾት አልፈልግም» አለ። «የማይነቀል ወንበር ይሥሩልኝ። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪም ቀበቶ ይኑረው።»

«ቀበቶ ለሹፌሩ ነው እንጂ፣ ገበያተኛው መች ያስረዋል?» አሉ አያ ጓዴ።

ዮርዳኖስ ወለሉን በመዶሻ እየቆረቆረች ከአውቶቡሱ ውስጥ መለሰች። «ያስሩታል አባዬ። ግን ወለሉ በስብሷል። እዚህ ላይ ብናስረው ሰውየው ከነወንበሩ ነው የሚወረወረው። መጀመሪያ ወለሉ ይሠራ።»

አብዱልወሃብ ወደ አያ ጓዴ ዞሮ አየ። አያ ጓዴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያለችህን ስማ» አሉ።

ሦስት ሳምንት ፈጀ። ዮርዳኖስ የዛገውን ላሜራ ቆርጣ አወጣች፤ ከሥሩ ወፍራም ብረት አጋደመች፤ የእያንዳንዱን ወንበር እግር እስከ ታችኛው ብረት ድረስ በቡሎን አሰረች። አባቷ ስፖንጁን ይቆርጣሉ፤ ሽፋኑን ይሰፋሉ። ዓይናቸው ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሐኪም ቤት እንሂድ ስትላቸው «ጭስ ነው፣ ይለቀኛል» እያሉ ያልፏታል። ጣታቸው ግን ከማንም ዓይን ይበልጣል። ስፖንጁን ዳብሰው የጎደለውን ያውቃሉ። ስፌታቸው ላይ እንከን ያገኘ ሰው የለም።

ቀበቶ ልታመጣ ደብረ ታቦር ሄዳ ሁለት ቀን ቆየች። ስትመለስ በስተኋላ በቀኝ በኩል የቀሩት ሁለት ወንበሮች ቆመው፣ ተበይደው፣ ልብሳቸውን ለብሰው ጠበቋት።

«እኔም እጄ አልሞተም» አሉ አያ ጓዴ።

ደስ አላት። ደስታቸውን አይታ ደስ አላት። ሽፋኑን ገልጣ ብየዳውን ማየት ነበረባት፤ በሌላ ሰው ሥራ ቢሆን ታየው ነበር። በእሳቸው ላይ ግን እጇ አልሄደም። ቀበቶዎቹን ገጠመችና ሥራው አለቀ። የቀረው የፊት መስታወቱ ብቻ ነበር።

ወሬው የመጣው ያን ጊዜ ነው። መናኸሪያው ውስጥ የጫኚዎች አለቃ ጥጋቡ፣ ግማሹን በቀልድ፣ «ሴት የበየደችው ወንበር ላይ ተቀምጬ ያንን ቁልቁለት አልወርድም» ማለቱን ሰማች። ከሱ የሰማው ሰው ደግሞ ያለ ቀልድ ደገመው። በማግስቱ አብዱልወሃብ መጥቶ አንዱን ወንበር በጤነኛ እጁ ሲነቀንቅ አየችው።

ዮርዳኖስ መፍቻዋን አስቀምጣ ወደ መናኸሪያው ሄደች። ጥጋቡ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ጥጋቡ፣ ስንት ሰው አለህ?»

«ስምንት።»

«ወፍራም ገመድ ይዛችሁ ኑ። የበየድኩትን ወንበር ንቀሉልኝ።»

ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ሳቁን ተወና ተነሣ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሰዉ አውቶቡሱን ከቦ ቆሟል። ሹፌሮች አሉ፤ ረዳቶች አሉ፤ መኪና የሚጠብቁ መንገደኞች ሻንጣቸውን ይዘው ተጠግተዋል። ዮርዳኖስ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስደገፈች። የመጀመሪያውን ወንበር ቀበቶ ቆለፈች፤ ገመዱን በቀበቶው አሾለከችና መስታወት ባልገባለት በፊት ለፊቱ በኩል አወጣችው።

«መኪና ፍሬን ሲይዝ ሰው ወደፊት ነው የሚሄደው» አለች። «እናንተም ወደፊት ሳቡ። እንዳትራሩልኝ።»

ስምንቱ ጫኚዎች ገመዱን ይዘው ወደኋላ ተጋደሙ። የሚስበው እህል የሚሸከም ትከሻ ነው። አውቶቡሱ ድንጋዩ ላይ ተወዛወዘ። ወንበሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው እንደዚያው። ስድስተኛው ላይ ገመዱ ከመሃል ተበጠሰና ስምንቱም በጀርባቸው አቧራው ላይ ተዘረሩ። መናኸሪያው በሳቅ ተናወጠ። ጥጋቡ ሱሪውን እያራገፈ ተነሣና ሌላ ገመድ አስመጣ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ የሚስቅ አልነበረም።

«ይበቃል» አለ አብዱልወሃብ። ፊቱ በርቶ ነበር። «እኔ አምኛለሁ።»

ሰዉም መበተን ጀመረ። ዮርዳኖስ የቀሩትን ሁለት ወንበሮች አየች። የማን እንደሆኑ ከእሷና ከአባቷ በቀር የሚያውቅ የለም። ይበቃል ብትል ይበቃ ነበር። ማታ ብቻዋን ሽፋኑን ገልጣ ታያቸዋለች። አፏን ልትከፍት ስትል አያ ጓዴ ከተቀመጡበት ጎማ ላይ ሆነው ተናገሩ።

«የእኔዎቹ ላይስ ሰው አይቀመጥም?»

«አባዬ፣ የእርስዎ እኮ…»

«አሥራ አራት ወንበር ነው የሠራነው። አሥራ አራቱም ይሳቡ።»

አሥራ ሦስተኛው ቻለ። አሥራ አራተኛው ላይ ገና ገመዱ እንደከረረ አንድ ነገር ጧ አለ፤ ወንበሩ የኋላ እግሩን ወለሉ ላይ ጥሎ ወደፊት ተደፋ። ጫኚዎቹ ገመዱን ለቀቁ።

ዮርዳኖስ ፊቷ እንደ እሳት ጋለ። ስለ ራሷ አልነበረም። በእነዚህ ሁሉ ሰዎች ፊት አባቷን ያዋረደቻቸው እሷ መስሎ ተሰማት።

«ብረቱ ነው» አለች ፈጥና። «ብረቱ ነው የከዳን።»

አያ ጓዴ ተነሥተው የበሩን እጀታ በመዳሰስ አውቶቡሱ ውስጥ ገቡ። ተንበርክከው በአውራ ጣታቸው የተሰበረውን ቦታ ዳበሱት፤ ደግመው ዳበሱት። ላዩ የሚያምር ብየዳ ነበር። ውስጡ ግን አልያዘም።

«ብረቱ ምንም አላደረገም» አሉ። ቀጥሎ ድምፃቸውን ውጭ ላለውም ሰው እንዲሰማ ከፍ አደረጉት። «አብዱልወሃብ፣ ስማኝ። እነዚህን ሁለቱን የበየድኳቸው እኔ ነኝ። ዓይኔ ደክሟል፤ መጋጠሚያውን አላየሁትም። አሥራ ሁለቱ የልጄ ናቸው፤ አንዱም አልተነቃነቀም። ይህን ሳይነግሩህ ሰው ብትጭንበት ኖሮ ኃጢአቱ የእኔ ነበር።»

አብዱልወሃብ ተሰብሮ የነበረውን ክንዱን ዳበሰ። «ወገዳ መንገድ ላይ ተነቅሎ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ብሎ የሚነግረኝ ሰው አላገኝም ነበር» አለ። «ባለፈውም ጊዜ የነገረኝ የለም።»

አያ ጓዴ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አሥራ ሦስተኛውንም ቁረጪው።»

«እሱ እኮ ይዟል።»

«ዛሬ ይዟል። የዚሁ እጅ ሥራ ነው። ቁረጪው አልኩሽ።»

ቆረጠችው። አለቀ ብሎ የሄደ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ቆሞ ጠበቀ። አያ ጓዴ የወንበሩን እግር ቀጥ አድርገው ያዙላት፤ ዘንበል ያለ እንደሆነ በመዳፋቸው ያውቃሉና «ወደ ግራ፣ ትንሽ፣ ተይ በቃ» ይሏታል። እሷ በየደች። ብየዳው ከቀዘቀዘ በኋላ ቡሎኑን አጠበቀችና ገመዱን ራሷ አሰረች። ጥጋቡ ከስምንቱ ላይ ሁለት ሹፌር ጨመረ። አሥር ሰው ሆነው ሳቡ። ሁለቱም ወንበሮች እንደ ቤት ምሰሶ ቆሙ።

ጥጋቡ ገመዱን እየጠቀለለ መጣና አጠገቧ ቆመ። «ያልኩትን ብያለሁ» አለ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ። «ቅዳሜ ስማዳ ለቅሶ አለብኝ። በዚሁ ነው የምሄደው።»

«ቀበቶህን ታስራለህ?»

«አስራለሁ።»

ያን ዕለት ቤት ሲገቡ ዮርዳኖስ ምን እንደምትል ጨነቃት። አያ ጓዴ ግን እንደ ተዋረደ ሰው አልነበሩም። እራት ላይ ለእናቷ ለየሺ አንድ በአንድ አወሩላት፤ ገመዱ የተበጠሰበትን ሁለቴ ደገሙት። «አሥር ሰው!» አሉ። «አሥር ሰው ስቦ ልጅሽን አልነቀላትም።» ከዚያ «ሰኞ ዓይኔን ልታይ ደብረ ታቦር እሄዳለሁ» አሉ። ዮርዳኖስ ሁለት ዓመት የለመነችው ነገር ስለነበር፣ ሐሳባቸውን እንዳይለውጡ ብላ ምንም ሳትል እንጀራውን ወደሳቸው አስጠጋች።

በሁለተኛው ሳምንት ከመካነ ኢየሱስ አንድ ሹፌር ሚኒባሱን እየነዳ መጣ። አያ ጓዴ አንዱን ዓይናቸውን በፋሻ ሸፍነው በሩ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«አያ ጓዴ የሚባሉት እርስዎ ነዎት? አሥር ሰው ስቦ ያልነቀለውን ወንበር የሠሩት?»

«ጓዴስ እኔ ነኝ» አሉ። «ወንበሩን የሠራችው እሷ ናት። እሷን አናግር።»

ዮርዳኖስ ውስጥ ሆና ሰማች። መፍቻውን ይዛ ወጣችና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሰውየው ዓይን ከእሷ አልፎ ሌላ ሰው ሳይፈልግ እሷው ላይ ቆመ።

«ስንት ወንበር ነው?» አለችው።

«ኧረ ስንት ነው ከማለትሽ በፊት ወለሉን እዪ» አሉ አያ ጓዴ ከበሩ።

«እሺ አባዬ» አለችና ከሚኒባሱ ሥር ገባች።